የኡሩካጊና ሰማንያ ዳቦ

ግርማን ድሮም አልወደውም ነበር፤ ከእትዬ ስኒት ቀብር ወዲህ ግን ጠላሁት። ይህን ስናገር የሚያፍርልኝ ካለ ይፈርልኝ። ይመኙሻል እባላለሁ፣ ሮተርዳም ዴልፍስሃቨን ነው ቤቴ፣ ሥራዬ ሽማግሌና አሮጊት ማጠብና ማልበስ ነው፣ ምላሴም እንደ እጄ ሥራ ፈት አይደለም። የእድራችን ደዋይም እኔ ነበርኩ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ እዚህ ጡሩምባ ብነፋ ጎረቤት ፖሊስ ስለሚጠራብኝ በስልክ ነው የማረዳው። አምስተርዳም እደውላለሁ፣ ዴንሃግ እደውላለሁ፣ እዚሁ ሮተርዳም እደውላለሁ። መጀመሪያ «ማን ሞተ?» ይሉኛል። ቀጥለው ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው የሚሉ እንዳይመስላችሁ። «አዳራሹ የት ነው?» ነው የሚሉት። አዳራሹ ማለት ምግቡ ነው።

እድር እንዲህ አልነበረም። ለሐዘንተኛ ምግብ ይዞ የሚሄደው እድርተኛው ነበር። እዚህ አገር ነገሩ ተገለበጠ። ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ ከከተማ ከተማ መጥቶ ባዶ ሆዱን ይመለስ ወይ ተባለና ሐዘንተኛው አዳራሽ ተከራይቶ ዶሮውንም ጥሬ ሥጋውንም ቢራውንም እንዲያቀርብ ልማድ ሆነ። ያላቀረበ ሰው ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ስሙ ይነሣል። ባሏን ቀብራ በዚያው እጇ ሽንኩርት የከተፈች ሴት አውቃለሁ፤ ሥጋው ጅማት በዛበት ብለው ዓመት ሙሉ አሟት። ዋናው አሚ ግርማ ነው። አምስተርዳም ኦስዶርፕ ይኖራል፣ የእድሩ ሊቀመንበር ነው፣ ከየለቅሶው የተረፈውን «ለኮሚቴው» እያለ መኪናው ላይ የሚጭነውም እሱ ነው። ዐይኑን በጨው ያጠበ ሰው።

ጋሽ መርሃዊን ብወዳቸውም እሳቸውም ሌላ መከራ ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው። ደሴ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ተሰደው፣ ዴንሃግ ላክ ሰፈር ከባለቤታቸው ከእትዬ ስኒት ጋር ጡረታ ወጥተው የተቀመጡ። እድሩን ካቋቋሙት አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ኤርትራዊ ነህ ኢትዮጵያዊ ነህ የሚል አልነበረም፣ ሁላችንንም እኩል ነበር የበረደን። ታዲያ ጋሼ አንድ አመል ነበራቸው፤ ስለ አንድ ንጉሥ ሳያወሩ ውለው አያድሩም። ንጉሡ የኛም የነሱም አይደለም። ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር፣ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ሱመር የሚባሉ ሰዎች ላጋሽ በምትባል ከተማቸው ያነገሡት ኡሩካጊና የሚባል ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ንጉሥ መርጠው ስሙ ምላስ የሚሰብረውን ለምን እንደያዙ አይገባኝም ነበር። ልደት ላይ ያነሡታል፣ ክርስትና ላይ ያነሡታል። ሲመጡ ያየ ሰው ወንበር ይቀይራል።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ግንቦት ላይ ተጀመረ። በሰኔ ኦስዶርፕ ስብሰባ ተጠራ። ኤርትራውያኑ ኣኽሊሉ የሚባል የሮተርዳም ሰው መርቷቸው ከእድሩ ወጥተው የራሳቸውን አቋቁመዋል። የቀሩት ጋሽ መርሃዊና እትዬ ስኒት ብቻ ናቸው። «ያቋቋምኩትን ጥዬ የት ልሂድ?» ይሉ ነበር። በዚህም ኣኽሊሉ ቂም ያዘባቸው፤ መንገድ ላይ ሲያያቸው ሰላምታ እስከ መንሣት ደረሰ።

ስብሰባው የተጠራው እሳቸውን ለማስወጣት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ግን እጃቸውን አውጥተው ተነሡና ስለ ምን ቢናገሩ ጥሩ ነው? ስለ ዳቦ።

«ኡሩካጊና ሳይነግሥ በፊት» አሉ፣ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «ላጋሽ ውስጥ ሰው ሲሞት ቀባሪዎቹ ከሐዘንተኛው ቤት ሰባት ማሰሮ ጠላና አራት መቶ ሃያ ዳቦ ይወስዱ ነበር። እሱ ሲነግሥ ሦስት ማሰሮ ጠላ፣ ሰማንያ ዳቦ፣ አንድ የፍየል ግልገልና አንድ አልጋ ይበቃቸዋል ብሎ ቆረጠ። በሸክላ ላይ አስጽፎታል፣ ሸክላው ዛሬም አለ። ያን ጊዜ ሰው ያፈረበትን ነገር እኛ ዛሬ እናደርገዋለን። እድራችን ሐዘንተኛ መብላቱን ይተው።»

አንዱ ከኋላ «ሰማንያ ዳቦ ለማን ይደርሳል?» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። ግርማ ግን አልሳቀም። ፊቱ ጠቁሮ ተነሣ።

«አንተ ሰውዬ» አላቸው። «ወገኖችህ እዚያ ልጆቻችንን እየገደሉ፣ አንተ እዚህ በሱመር ንጉሥ ልትገዛን ነው?»

ክው አልኩ። ጋሽ መርሃዊ አባቱ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ብሏቸው አያውቅም። እትዬ ስኒት ከጎናቸው ተቀምጠው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉት።

«አቶ ግርማ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ «እርስዎን ያስቆጣዎት ጦርነቱ ነው ወይስ ዳቦው?»

ከዚያ በኋላ ማን ይስማ። ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ከእድሩ ይውጡ ተባለና እጅ ወጣ። እኔ «እፈሩ» ብዬ ጮኼ ነበር፤ የሰማኝ የለም። ጋሽ መርሃዊ የባለቤታቸውን ካፖርት አለበሱ፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፉላቸው፣ ወጡ። እነ ኣኽሊሉ ጋ ደግሞ ወሬው ደርሶ «እነዚያ ሲተፉህ ወደ እኛ ልትመጣ ነው?» ብለው በሩን ዘጉባቸው። በአንድ ክረምት ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ያለ ሰው ቀሩ።

እትዬ ስኒት በመኸር ታመሙ። ካንሰር ነው አሉ። ቤት ሆነው ይታከሙ ተባለና ቶይስዞርኽ፣ በየቤቱ በሽተኛ የሚንከባከበው ድርጅት፣ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል አልጋ አምጥቶ ሳሎን መስኮቱ ጋ ተከለላቸው። እኔም ሥራ በማልገባበት ቀን ባቡር ተሳፍሬ ላክ እየሄድኩ አጥባቸው ነበር። የፈረንጅ እጅ ቀዝቃዛ ነው እያሉ ይነጫነጩ ስለነበር።

እሳቸውን ሳጥብ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠው ስለ ንጉሣቸው ያወሩልናል። ሌላ ወሬ አልነበራቸውማ፤ ከማን ጋር አውርተው ያምጡ? እኔም ያኔ ነው ሰውየውን ቀስ በቀስ የለመድኩት።

«የቤተ መቅደሱ አለቃ የድሃዋ እናት አትክልት ውስጥ እየገባ ዛፏን ይቆርጥ ነበር፣ ፍሬዋን ይወስድ ነበር፤ ይህን ከለከለ» ይላሉ። «ባለጠጋ የድሃ ጎረቤቱን ቤት ልግዛ ካለ፣ ድሃው የምፈልገውን ዋጋ ክፈለኝ ይበለው። አልሸጥም ቢለውም ባለጠጋው እጁን እንዳያነሣበት አለ። ባል የሞተባትንና የሙት ልጅን ለጉልበተኛ አሳልፌ አልሰጥም ብሎ ለአምላኩ ቃል ገባ።»

«መጨረሻውስ?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ የእትዬ ስኒትን እግር ቅባት እየቀባሁ። መጨረሻው ያማረ መስሎኝ ነው።

«ስምንት ዓመት ገደማ ነው የነገሠው። ኡማ የምትባል ጎረቤት ከተማ ነበረች። ላጋሽና ኡማ ስለ አንድ ሜዳ ድንበር ስንት ትውልድ ሲዋጉ የኖሩ ናቸው። የኡማው ንጉሥ መጣና ቤተ መቅደሱን ሁሉ አቃጠለ፣ ብሩንና ዕንቁውን ዘረፈ። ከላጋሽ ሰዎች የተረፈ አንድ ጸሐፊ ያየውን ሁሉ በሸክላ ላይ ጻፈ። ማብቂያው ላይ፣ ኃጢአቱ የኡሩካጊና አይደለም፣ የኡማው ንጉሥ የሚያመልካት አምላክ ኃጢአቱን በአንገቷ ትሸከም ብሎ ረገመ። ሌላ ምን አቅም አለው?»

እትዬ ስኒት ዐይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆይተው ነበር። «ንጉሥህን ማን ቀበረው?» አሏቸው።

«አይታወቅም።»

«ስለ ቀባሪ ሕግ ያወጣ ሰው፣ ቀባሪው አይታወቅም?»

ጋሽ መርሃዊ ስለ ኡሩካጊና ተጠይቀው መልስ ሲያጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

እትዬ ስኒት ዐይናቸውን ገልጠው እጄን ያዙኝ። «ይመኙሻል፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እኔን የኛ ሰው ያንሣኝ። የታችኛዋ ፎቅ ጎረቤታችን ስትሞት አይቻለሁ፤ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ስሟን እንኳ የማያውቁ፣ በደመወዝ የመጡ ሰዎች ናቸው ይዘዋት የሄዱት። እኔን እንዲህ እንዳያደርጉኝ። የእናንተም ይሁኑ የእኛ፣ ከፈለጉ እየተሰዳደቡ ይሸከሙኝ። ብቻ ያንሡኝ።»

«ያነሡዎታል እትዬ» አልኩ። «ምን በወጣዎት» ብዬ ተቆጣሁ ደግሞ፣ እንባዬ እንዳይመጣ።

በየካቲት መጀመሪያ ሞቱ። ያው ሳምንት ግንባሩ እንደገና ነዶ ነበር፤ ከዚህም ከዚያም ወንድሙ፣ የአጎቱ ልጅ የት እንደደረሰ የማያውቅ ሰው ብዙ ነበር። ያዘነ ሰው እንደሚቆጣ አውቃለሁ፣ እኔም ያዘንኩ ነኝ። ስልኩን አንሥቼ ግርማ ጋ ደወልኩ።

«እድሩን አይመለከተውም» አለኝ። «ግን እኛም ሰው ነን፣ እንመጣለን። አዳራሹ የት ነው?»

ኣኽሊሉ ጋ ደወልኩ። «ለሟቿ ስንል እንመጣለን፤ ከእነዚያ ጋር ግን ትከሻ ለትከሻ አንቆምም» አለኝ። ቀጠለና «አዳራሹ የት ነው?» አለ። በአንድ ሜዳ የሚዋጉት ሁለቱ ወገኖች አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው።

ሳምንቱ ደግሞ ቅበላ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሰው ሥጋ ሥጋ የሚልበት። አይቀሩም አልኩ በልቤ፣ ለሆዳቸው ሲሉም ቢሆን ይመጡና ያነሧቸዋል።

ጋሼን ምን ልሥራ አልኳቸው። «ሰማንያ ትንንሽ ዳቦ ጋግሪልኝ» አሉ።

«ወጡስ?»

«ወጥ ሕጉ ላይ የለም። ግልገሉን ከላክ ሉካንዳ አዝዣለሁ፣ ጠላውን ቢራ ይተካልኛል።»

ሰማንያዋን ሲጠሩ በስብሰባው ዕለት የተሳቀባቸው ትዝ አለኝ። አሁንም እልኻቸውን አልተዉም አልኩ፤ ሰዉ ቅር ቢለው ይለዋል፣ ዳቦና ፍየል ቀምሶ ይሄዳል። ሁለት ቀን ስጋግር ከረምኩ፣ ምድጃዬ አርፎ አያውቅም።

ቀብሩ ሐሙስ ነበር። ሰው ሞልቷል፣ ይህን አልክድም። ግን መካነ መቃብሩ በር ላይ ያለውን መንገድ ተካፍለውት ቆመዋል፤ በቀኝ ግርማና ሰዎቹ፣ በግራ ኣኽሊሉና ሰዎቹ። ጥቁሩ መኪና መጥቶ በመሐላቸው ቆመ። ጋሽ መርሃዊ ለቀብር አስፈጻሚው ሆላንዳዊ፣ ሳጥኑን የሚሸከሙት የራሳችን ሰዎች ናቸው ብለውት ነበር። ለጥንቃቄ ብሎ አራት ሠራተኞቹን ብቻ ነው ያመጣው፣ እነሱም ወደ ኋላ ብለው ቆሙ። ሰውየው የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ፣ እጁን አጣምሮ ጠበቀ።

ማንም አልተነቃነቀም።

ከሮተርዳም የመጡት ቄስ «ልጆቼ፣ አንሡ እንጂ» አሉ።

«ወገኖቿ እዚያ ናቸው» አለ ግርማ። «ቅድሚያው የእነሱ ነው።»

«የእድሯ ሰዎች እዚያ ናቸው» አለ ኣኽሊሉ፣ በአማርኛ፣ እንዲሰማለት። «ስንት ዓመት ከእነሱ ጋር ኖረች አይደል? እነሱ ያንሡ።»

አንድ ወጣት ከቀኝ በኩል እግሩን አነሣ፤ ግርማ ክርኑን ያዘው። አየሁት። ከግራም አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር፣ መልሰው አደረጉት። አስፈጻሚው ሰዓቱን አየና ወደ ጋሼ ጠጋ ብሎ፣ የእኔ ሰዎች ያንሡ ወይ ሲል በዝግታ ጠየቃቸው። ጋሼ ሳጥኑን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ግራውን አዩ፣ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አራቱ ጥቁር ካፖርቶች መጡ።

ሳጥኑ ስድስት እጀታ አለው፣ ሰዎቹ አራት። መሐል ያሉት ሁለቱ ባዶ ናቸው። ጋሽ መርሃዊ አንዱን ያዙ፣ እኔም ዘልዬ ሌላውን ያዝኩ።

«ሴት ሬሳ ትሸከማለች?» አለ አንዱ ከኋላዬ።

«ወንድ ስላጣሁ ነው» አልኩት፣ ሳልዞር።

እትዬ ስኒት እንኳ አልከበዱም፣ መጨረሻ ላይ ምንም አልቀራቸውም፤ የከበደኝ የሰዉ ዝምታ ነው። በመሐላቸው አልፈን ሄድን። ካለፍን በኋላ ሁለቱም ወገን ተከተለን። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፣ አፈሩ ተመለሰ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ደህና አድርገው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ አዳራሹ ፈጠነ።

አዳራሹ ላክ ያለው የሰፈሩ ቡርትሃውስ ነው፤ ሁሉም ለልደቱም ለሐዘኑም የሚከራየው ቤት። ሲገባ የተጠበሰ ግልገል ይሸታል። ፊት ለፊት አንድ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ ላይ የጋገርኩት ዳቦ ተቆልሏል፣ ግልገሉ በትሪ ተቀምጧል፣ ሦስት ትልልቅ ማሰሮ ቢራ ተደርድሯል። በጠረጴዛው ዙሪያ ስድስት ወንበር። ሌላ ወንበር የለም፣ ሌላ ጠረጴዛም የለም። ሰዉ እጁን እያሻሸ ገባ፣ ዐይኑ ሳህን ይፈልጋል።

አራቱ ሆላንዳውያን ጋሼ ለምነዋቸው መጥተው በር ላይ ቆመዋል፣ ምን እንደተፈለጉ አልገባቸውም። ጋሽ መርሃዊ ሄደው አንድ በአንድ ክንዳቸውን ይዘው አምጥተው አስቀመጧቸው። «ይመኙሻል፣ ነይ አንቺም» አሉኝ። ግራ ገብቶኝ ተቀመጥኩ። አንዱ ወንበር ባዶ ቀረ።

«የኡሩካጊና ሕግ እንዲህ ነው» አሉ ቆመው፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ ደገሙት፣ ለአራቱም በደች ነገሯቸው። «ሰማንያው ዳቦ የቀባሪዎቹ ነው። ስኒትን ስድስት ሰው አነሣት። ስድስተኛው እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የገባው የለም። ሲገባቸው ዐይናቸውን ከዳቦው ላይ አነሡ።

«ጋሽ መርሃዊ» አለ ግርማ፣ ወደ ፊት ወጥቶ። «ምነው እርስዎ፣ ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ? ይህ ሁሉ ሕዝብ ቆሟል።» ለዳቦ ሲሆን እርስዎው ተመለሰ።

«ከቀብሩ ላይ ስለለመዳችሁት መቆሙ አይከብዳችሁም» አሉ ጋሼ።

ግርማ ኩም አለ። ኣኽሊሉ በትግርኛ ነውር ነው፣ ሐዘንተኛ እንዲህ አይልም አለ። «ለእናንተም ያው ነው» አሉት በአማርኛ። ግርማና ኣኽሊሉ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይን ለዐይን ተያዩ፤ አብረው የሚሰድቡት ሰው አግኝተዋል።

ከአራቱ በዕድሜ ትልቁ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሰዉን አየ። «ሌሎቹስ አይበሉም?» ብሎ በደች ጠየቀ።

«እነሱ ሊያዩ ነው የመጡት» አሉት ጋሼ።

ሰውየው ቀይ ሆነ። «የባለቤትዎ ስም ማን ነበር? መዝገቡ ላይ አይቼው ነበር፣ እንዴት እንደሚጠራ ግን አላወቅኩም» አለ።

«ስኒት።»

«ስኒት» አለ ሰውየው። አጠራሩ ተበላሽቶበት እንደገና ሞከረ፣ ጓደኞቹም ከአፉ ተቀብለው አሉት። ከዚያ ዳቦ አነሣና ቆረሰ። እኔም ቆረስኩ። ዳቦው ደህና በስሎ ነበር። ግርማን ፊቱን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ እያላመጥኩ በላሁ፤ ደስ አለኝ ብል አልዋሽም።

የቀረው ሰው መውጫው ጠፍቶት ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንድ ሁለት እያለ ወጣ። አንድም «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ያለ የለም። ግርማ ግን እስከ መጨረሻው ቆየ፤ ከሰማንያው ዳቦ ገና ብዙ ተቆልሎ ያያል፣ ልማዱ አልለቀቀውም። ጋሽ መርሃዊ የተረፈውን ዳቦና ሥጋ በከረጢት ከረጢት ሞልተው ለአራቱ ሰዎች አሸከሟቸው። ሰዎቹ ወስደው ሳጥኑ የመጣበት ጥቁር መኪና ላይ ጫኑት። ግርማ መስኮቱ ጋ ቆሞ መኪናዋ ከዐይኑ እስክትጠፋ አያት፣ ከዚያ ወጣ።

ሁለታችን ቀረን። ጋሼ ባዶ ወንበራቸው ላይ አሁን ነው የተቀመጡት። የረታ ሰው ፊት እጠብቅ ነበር፣ እንኳን ሊያምርባቸው ከጠዋቱ ብሰው ነበር።

«አንድ አልጋም ነበር አይደል ሕጉ ላይ?» አልኳቸው።

«አልጋው የቶይስዞርኽ ነው። ነገ መጥተው ይወስዱታል።» ፍርፋሪውን በጣታቸው ጨርቁ ላይ ሰበሰቡ። «የጠየቀችኝ እኮ ሌላ ምንም አልነበረም። የኛ ሰው ያንሣኝ ነው ያለችው። እኔ ዳቦ ነፈግኩላት።»

«እኛ አነሣናቸው እኮ ጋሼ።»

«ሁለት ነን» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከሦስት ከተማ ከመጣው፣ ሁለት ነበርን። ጋሽ መርሃዊ ጭንቅላታቸውን ነጩ ጨርቅ ላይ ደፍተው አለቀሱ፣ ቀኑን ሙሉ ያላለቀሱትን።